ማንም ያልፈለገው ቤት

ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ቤት ልናይ ሄድን። ቦታው ሮተርዳም ነው፤ ከወንዙ በስተደቡብ፣ ብሉምሆፍ የሚባል ሰፈር። የተሰጠን ጊዜ አሥራ አምስት ደቂቃ ነበር። ከእኛ በፊት የገቡት ጥንዶች ሲወጡ በር ላይ ተላለፍን፤ ቀጥለው የሚገቡት ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ይጠብቃሉ። ሰላም አልተባባልንም። ተፎካካሪዎች ነና።

ቤቱ በ1922 የተሠራ ነው። ከግራም ከቀኝም ከጎረቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተጣበቀ፣ ሆላንዶች ራይትየስሃውስ የሚሉት፣ በረድፍ ከተሠሩ ሃያ ያህል ቤቶች አንዱ። ስፋቱ 4 ሜትር ከ60 ነው። ታችም ላይም ተደምሮ 68 ካሬ። ደረጃው ከደረጃ ይልቅ ለመሰላል ይቀርባል፤ የወጣሁት በእጄም በእግሬም ነው። ጓሮው ልብስ ለማስጣት ይበቃል፣ በግ ለማረድ ግን አይበቃም (ባለቤቴ መጀመሪያ በዓይኗ የለካችው ይህንን ነው)። ማስታወቂያው «ባሕርይ ያለው የ1920ዎቹ የሠራተኛ ቤት» ይላል። የተጠየቀው ዋጋ 295,000 ዩሮ ነው። ደላላው «በዚህ ዋጋ እንደማያልቅ መቼም ታውቃላችሁ» አለን፤ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ የታሸገ ጨረታው ይዘጋል።

አንዲት ብይ በኪሴ ይዤ ነበር የሄድኩት። ከእኛ በፊት ቤት የገዛ ጓደኛዬ ያስተማረኝ ዘዴ ነው። ሳሎኑ መሐል ወለሉ ላይ አስቀመጥኳት። ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ቀኙ ግድግዳ መንከባለል ጀመረች። ደላላው አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ማታ እናቴ ከደብረ ብርሃን ደወለች። ሻጩ ግለሰብ ሳይሆን የቤቶች ማኅበር መሆኑን፣ ቤቱም መቶ ዓመት ሙሉ ሲከራይ የኖረ መሆኑን ነገርኳት።

«የቀበሌ ቤት ነው እንዴ የምትገዛው?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው እንዳይሰማን ይመስል። «የቀበሌ ቤት መሸጥ ተፈቀደ?»

«እማዬ፣ ይሄ ሆላንድ ነው» ብዬ ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን ጥያቄዋ አብሮኝ ቀረ። ለወደብ ሠራተኛ ተብሎ በሕዝብ ብድር የተሠራ ቤት እንዴት ሆኖ ነው በጨረታ የሚሻሙበት ዕቃ የሆነው? ሦስት ሌሊት ሳነብ አመሸሁ። የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሮተርዳምን የዛሬዋን ሮተርዳም ያደረጋት በ1872 የተከፈተው ኒዩወ ዋተርዌግ የተባለው የውኃ መንገድ ነው። ከተማዋን ከሰሜን ባሕር ጋር በቀጥታ ካገናኛት በኋላ የጀርመን ፋብሪካዎች ማዕድንና እህል በእሷ በኩል ማለፍ ጀመረ። ወደቡ ሰፋ፣ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ደቡብ ወረደ። በ1880ዎቹ ደግሞ ከአሜሪካ በሚገባ ርካሽ እህል የአውሮፓ ገበሬ ኑሮ ተናጋ። የዜላንድና የብራባንት ጭሰኛና የቀን ሠራተኛ ጓዙን ጠቅልሎ መርከብ ሊያራግፍ መጣ። የሰሜኑ ከተሜ ደቡቡን «የገበሬው ወገን» ብሎ ሰየመው። ስሙ እስከ ዛሬ በቀልድ መልክ ይጠራል፤ ቀልድ የሚሆነው ግን ለሚቀልደው ሰው ነው።

ለእነዚህ ሰዎች ማን ቤት ሠራላቸው? መጀመሪያ ገበያው ሠራላቸው። በብድር ገንዘብ ቶሎ ቶሎ እየገነቡ፣ ጡቡ ሳይደርቅ እየሸጡ ወደ ሚቀጥለው የሚሄዱ ተቋራጮች ነበሩ። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ክፉው አልኮቭ የሚባለው ነው፤ በፊት ክፍልና በኋላ ክፍል መካከል ያለ፣ መስኮት የሌለው፣ ቤተሰቡ ተደራርቦ የሚተኛበት ጨለማ ክፍል። ሮተርዳም አልኮቭን ጨርሳ የከለከለችው በ1937 ነው። እንግዲህ ይታያችሁ፣ ዘመናዊ ሥነ ሕንፃ ለመማር ዓለም የሚጎርፍባት ከተማ።

ከዚያ በፊት በሽታው ተናግሮ ነበር። በ1866 ኮሌራ በኔዘርላንድስ 20,000 ገደማ ሰው ገደለ። ኮሌራ ደግሞ ከደሃ ሰፈር ተነሥቶ ሀብታሙ ሰፈር ሲደርስ በር አንኳኩቶ አይመለስም። ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና ሊበራል ፖለቲከኞች ስለ ቤት ማውራት የጀመሩት ከርኅራኄም ከፍርሃትም ነው፤ እኔ ፍርሃቱ ይበልጥ ነበር ባይ ነኝ። የወሬው ፍሬ የ1901 የመኖሪያ ቤት ሕግ፣ ዎኒንግዌት ነው።

ሕጉ ያደረገው ቀላል ይመስላል። እያንዳንዱ ከተማ የግንባታ ደንብ እንዲያወጣ አስገደደ፤ መጸዳጃው የት ይሁን፣ መስኮቱ ምን ያህል ይስፋ የሚል። ለሰው መኖሪያ የማይሆነውን ቤት የመዝጋትና መሬት የመውረስ ሥልጣን ሰጠ። ትልቁ ነገር ግን ገንዘቡ ነው። መንግሥት ለከተማው ያበድራል፣ ከተማው ለተፈቀደለት የቤቶች ማኅበር ያበድራል፣ ማኅበሩ ሠርቶ ያከራያል፣ ከኪራዩ ዕዳውን ይከፍላል። ማኅበሩ ትርፍ ለአባላቱ ማከፋፈል አይችልም፤ የተረፈው ሁሉ ተመልሶ ለቤት ይውላል። ማኅበራቱን ያቋቋሙት የሠራተኛ ማኅበራት፣ ካቶሊኮች፣ ፕሮቴስታንቶች፣ ሶሻሊስቶች ናቸው፤ እያንዳንዱ ለወገኑ።

ለእናቴ የምሰጣት መልስ እዚህ ጋ ነው። የቀበሌ ቤት አይደለም፣ መንግሥት ከማንም አልወረሰውም። የግል ቤትም አይደለም። በሕዝብ ብድር የቆመ፣ በተከራዩ ሳንቲም ዕዳው የተከፈለ፣ ባለቤቱ ግን ማንም ሰው ያልሆነ ቤት ነው። ለዚህ በአማርኛ ትክክለኛ ስም አላገኘሁለትም። ዛሬም እነዚህ ማኅበራት በመላ አገሪቱ 2.3 ሚሊዮን ገደማ ቤት አላቸው።

በ1922 የኛን ረድፍ ሲሠሩ ዘመኑ ጥሩ አልነበረም። ሆላንድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ገለልተኛ ብትሆንም ጡብና እንጨት ተወድዶ ግንባታ ቆሞ ከርሟል። በኅዳር 1918 የሶሻሊስቱ መሪ ትሩልስትራ አብዮት መጣ ብሎ ያወጀው ደግሞ ሮተርዳም ላይ ንግግር ካደረገ በኋላ ነው። አብዮቱ አልመጣም። የቤት ድጎማው ግን መጣ።

ከጎበኘነው ቤት በእግር ሩቅ ሳይሆን ኪፍሁክ አለ። ያኔ የከተማው የቤቶች አርክቴክት የነበረው ያኮቡስ ኡድ ከ1928 እስከ 1930 ያሠራው፣ 300 ገደማ ነጫጭ ትንንሽ ቤቶች ያሉበት መንደር ነው። የሥነ ሕንፃ ተማሪ ሁሉ ፎቶውን ያውቀዋል። ኡድ ብዙ ልጅ ላላቸው ደሃ ቤተሰቦች በ4 ሜትር ስፋት ሦስት መኝታ ክፍል አስገባ፤ አንዱ ለወላጅ፣ አንዱ ለወንዶች፣ አንዱ ለሴቶች። ሻወርም አስቦ ነበር። በጀት የለም ተባለና ሻወሩ ቀረ። ቅዳሜ ያየሁትን መታጠቢያ ቤት አሁን ገባኝ፤ ከወጥ ቤቱ ጥግ ተቆርጦ የወጣ፣ በሩን ለመዝጋት ወደ ውስጥ መጎንበስ የሚያስፈልግ። በሠሩት ሰዎች ወረቀት ላይ ለመታጠብ የተመደበ ቦታ አልነበረም። በኋላ የገባው ነዋሪ ነው ቦታውን የፈለገው።

ጦርነቱ መጣ። ግንቦት 14 ቀን 1940 የጀርመን አውሮፕላኖች የሮተርዳምን መሐል ከተማ አወደሙ። 25,000 ገደማ መኖሪያ ቤት ጠፋ፣ 80,000 ያህል ሰው ሜዳ ላይ ቀረ። ደቡቡ በአብዛኛው ተረፈ። ከሰሜን የተፈናቀለው ሁሉ ወደዚህ ተሻግሮ ከዘመድ ጋር ተጠጋ፤ በአንድ 68 ካሬ ሁለት ቤተሰብ።

ከጦርነቱ በኋላ አገሪቱ ቤት መሥራትን እንደ ዘመቻ ያዘችው፤ በ1962 አንድ ሚሊዮኛው ከጦርነት ወዲህ የተሠራ ቤት ተመረቀ። ግን አዲሱ ቤት የተሠራው ከከተማው ውጪ ነው። ስፓይክኒሰ፣ ሆክፍሊት፣ ካፔለ፤ ሰፊ መስኮት፣ መታጠቢያ ቤት፣ የመኪና ማቆሚያ ያለው። ደህና ደመወዝ ያገኘ የወደብ ሠራተኛ ወደዚያ ሄደ። ሮተርዳም በ1965 ከ730,000 በላይ ሕዝብ ነበራት፤ በ1984 ወደ 555,000 ወርዳለች። የ1922ቱን ጠባብ ቤት ማን ይፈልገዋል? የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ካርታ ላይ ቀይ መስመር አሰመሩበት፤ ይፈርሳል።

በዚህ ሰዓት ነው ሌሎች ሰዎች የመጡት። ሆላንድ በ1964 ከቱርክ፣ በ1969 ከሞሮኮ ጋር ሠራተኛ የማስመጣት ስምምነት ፈረመች። ሱሪናም ኅዳር 1975 ነፃ ስትወጣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው መጣ። ወንዶቹ መጀመሪያ የተኛው በፈረቃ ነው፤ አንዱ ከሥራ ሲገባ ሌላው ከአልጋው ተነሥቶ ይወጣል። በነሐሴ 1972 አፍሪካንደርዋይክ በሚባለው የደቡብ ሰፈር ሁከት ተነሣ፤ የሰፈሩ ነዋሪዎች የእንግዳ ሠራተኞቹን ማደሪያዎች እያጠቁ ዕቃቸውን ሜዳ ላይ ወረወሩ። የከተማው ምክር ቤት ምላሽ ምን ሆነ መሰላችሁ? በአንድ ሰፈር የውጭ ተወላጅ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ማዕከላዊው መንግሥት ውሳኔውን በ1974 ሻረው። ያም ሆኖ በሩ አልተከፈተም። ሚስቱንና ልጆቹን ያስመጣ ሠራተኛ የማኅበር ቤት ለማግኘት ወረፋው ዓመታት ይፈጅበታል። የግል አከራይ አያከራየውም።

የቀረው መንገድ መግዛት ነበር። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። ዛሬ ቤት መግዛት የደላው ሰው ምልክት ነው፤ ያኔ የገዛው የተቸገረው ነው። ሆላንድኛው ስም አለው፤ ኖትኮፐር፣ በጭንቅ የገዛ እንደ ማለት። የግል አከራዩ አሮጌ ቤቱን መጠገን ሲሰለቸው ፎቅ በፎቅ እየቆራረጠ ለቱርኩና ለሱሪናሙ ይሸጥለታል፤ ጣሪያው የሚያፈሰውን፣ ሊፈርስ ቀይ መስመር የተሰመረበትን። ከዚያ የ1970ዎቹ መጨረሻ መጣ። የብድር ወለድ ከ12 በመቶ አለፈ፣ ከ1978 እስከ 1982 ባለው ጊዜ የቤት ዋጋ በ30 በመቶ ገደማ ወደቀ። በጭንቅ የገዛው ሰው ከቤቱ ዋጋ የሚበልጥ ዕዳ ይዞ ቀረ። በዚያው ዘመን የሆላንድ ወጣቶች ባዶ ቤት ሰብረው ይገቡ ነበር፤ ሚያዝያ 30 ቀን 1980 ንግሥት ቤያትሪክስ ስትነግሥ አምስተርዳም «ቤት ከሌለ ዘውድ የለም» በሚል ጩኸት በአስለቃሽ ጭስ ታፈነች። የዚያ ትውልድ ታሪክ በፊልምም በመጽሐፍም ተነግሯል። የኖትኮፐሮቹን ታሪክ ለማግኘት ግን የማዘጋጃ ቤት ሰነድ መፈለግ አለባችሁ።

ቤቶቹ ያልፈረሱት የሰፈሩ ሰው እምቢ ስላለ ነው። በ1970ዎቹ በየከተማው የነዋሪ ኮሚቴዎች ተነሡ፤ አታፍርሱ፣ አድሱ፣ ለእኛው አድሱ አሉ። የዳቦ ጋጋሪነት ሥራ ጀምሮ ምክትል ሚኒስትር እስከ መሆን የደረሰው ያን ስካፈር የተናገረው ይጠቀሳል፤ በወሬ ውስጥ መኖር አይቻልም ብሏል። (እሱ «ወሬ» አላለም፣ ያለውን ቃል እዚህ አልጽፈውም።) ሮተርዳም ከ1974 ጀምሮ አሮጌ የኪራይ ቤቶችን ከግል አከራዮች በብዛት እየገዛች ማደስ ጀመረች፤ መፈክሩ «ለሰፈሩ መሥራት» ነበር። እንደ ከተማ ፖሊሲ ከሆነ፣ ካነበብኳቸው ሁሉ ልቤ ያመነው ይህንን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው፣ ቁጥር ይበዛዋል። ሆላንድ ውስጥ የቤት ብድር ወለድ ከታክስ ይቀነሳል፤ ነገሩ ቢያንስ ከ1914ቱ የገቢ ግብር ሕግ ጀምሮ ያለ ነው። በ1990ዎቹ ወለድ ሲወርድና ባንኮች የባልንም የሚስትንም ደመወዝ እየቆጠሩ ማበደር ሲጀምሩ ያ አሮጌ ቅናሽ ነዳጅ ሆነ። ለገዢ የተሰጠ እርዳታ ሁሉ መጨረሻው ሻጩ ኪስ ነው፤ ሁሉም ተጫራች እኩል ከታገዘ ዋጋው ከፍ ከማለት በቀር ምን ይሆናል? በ1995 መንግሥት ለማኅበራቱ ያለበትን የወደፊት ድጎማ ከሰጣቸው ብድር ጋር አቻችሎ ሒሳቡን ዘጋ፤ ብሩተሪንግ ይሉታል። ከዚያ ወዲያ ማኅበራቱ ራሳቸውን ችለው እንደ ድርጅት ማሰብ ነበረባቸው። ከ2013 እስከ 2022 ደግሞ በአከራዮች ላይ ልዩ ግብር ተጣለ። ያን የሚከፍሉበት አንዱ መንገድ ተከራይ ሲወጣ ቤቱን መሸጥ ነበር።

የሚያስቀው ሮተርዳም በ2000ዎቹ አጋማሽ በምዕራብ በኩል ስፓንገን በሚባል ሰፈር አንድ ሙሉ ብሎክ በነፃ መስጠቷ ነው። በነፃ! ቫሊስብሎክ ይባላል። ውሉ ቤቱን በራስህ ወጪ አድስ፣ ለተወሰነ ዓመትም ራስህ ኑርበት የሚል ነው። የወሰዱት በአብዛኛው የተማሩ ወጣቶች ናቸው፤ አርክቴክት ከጓደኛ ጋር ተማክሮ ግድግዳ ማፍረስ የሚችል። መልካም ሠርተዋል፣ ብሎኩ ዛሬ ያምራል። ግን ከሰባዎቹ ኖትኮፐር ጋር አስተያዩት። እሱ ለፈራሹ ቤት ገንዘብ ከፈለ፣ የሰማው ስድብ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የመጣው በነፃ ወሰደ፣ ስሙም ፈር ቀዳጅ ሆነ።

በ2016 ከተማው በ2030 ርካሽ ቤቶችን በ20,000 ለመቀነስ ዕቅድ አወጣ። ሕዝበ ውሳኔ ተጠራ፤ ድምፅ ከሰጠው አብዛኛው ተቃወመ፣ የመጣው ሰው ግን ከሚያስፈልገው 30 በመቶ በታች ስለነበር ውጤቱ አልጸናም። በ2018 ደግሞ አፍሪካንደርዋይክ ውስጥ ትዌቦስ በሚባለው ሰፈር 535 የማኅበር ቤቶች እንዲፈርሱ ተወሰነ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ባለሙያዎች ለሆላንድ መንግሥት በጉዳዩ ላይ ደብዳቤ እስከ መጻፍ ደረሱ። ቤቶቹ ግን ፈረሱ።

እንግዲህ ቅዳሜ በር ላይ ተያይተን ሰላም ያልተባባልነው ሰዎች የዚህ ሁሉ ወራሾች ነን። የ2024 አማካይ የቤት ዋጋ በአገሪቱ 450,000 ዩሮ ገደማ ነበር፤ 295,000 የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ሰው የሚሻማው ለዚያ ነው። ከተጫራቾቹ መካከል የቤተሰብ ገንዘብ የያዘ አለ። እስከ 2022 ድረስ ወላጅ ለልጁ ቤት መግዣ 100,000 ዩሮ ገደማ ያለ ግብር መስጠት ይችል ነበር፤ ሕዝቡ ዩቤልቶን፣ የእልልታ መቶ ሺ ብሎ ሰየመው። አሁን ቀርቷል፤ የተሰጠው ግን ተሰጥቷል። የኔ እናት የምትሰጠኝ ምርቃት ነው፤ ባንኩ ግን አይቀበለውም። ተቀጣሪ ስላልሆንኩ የሦስት ዓመት የገቢ ሒሳብ አቅርብ ተባልኩ። ዕድሜው ከ35 በታች የሆነ ገዢ የዝውውር ግብር አይከፍልም፤ እኔ 36 ነኝ፣ ባለቤቴ 33፣ ስለዚህ በቤቱ ግማሽ ላይ ብቻ 2 በመቶ እንከፍላለን። ቤቱን ለሁለት የከፈለብን ግብሩ ነው፣ ፍቺ አይደለም።

አሁን ወደ ብይዋ ልመለስ።

የሮተርዳም አፈር የበሰበሰ ረግረግ ተክል ክምችትና ለስላሳ ሸክላ ነው። ጠንካራው አሸዋ ያለው ከአሥር ሜትር በላይ በታች ነው። ስለዚህ አሮጌዎቹ ቤቶች የቆሙት ወደ አሸዋው በተተከሉ የጥድ ግንዶች ላይ ነው፤ የኛ አገር መሐንዲሶች ፓይል የሚሉት። አምስተርዳም ከግድግዳው ሥር ጥንድ ጥንድ አድርጋ ስትተክል ሮተርዳም አንድ ረድፍ ብቻ ትተክል ነበር፤ ርካሽ ነው። እንጨቱ ውኃ ውስጥ እስካለ ድረስ መቶ ዓመትም ሁለት መቶ ዓመትም ይኖራል። ችግሩ የከርሰ ምድር ውኃው ዝቅ ሲል ነው። የፍሳሽ ቱቦ ያረጅና ይሰነጠቃል፣ ውኃውን ይመጥጠዋል፣ የግንዱ ጫፍ አየር ያገኛል፣ ሻጋታ ይገባዋል። ከላይ ማንም አያይም። መጀመሪያ በር አልዘጋ ይላል፣ ቀጥሎ ከመስኮቱ ጥግ እንደ ደረጃ የተሰነጠቀ ጡብ ይታያል። ቀጥሎ ብይ ትንከባለላለች።

በ2024 መንግሥትን የሚያማክር አንድ ምክር ቤት እስከ 2035 ድረስ 425,000 ያህል ሕንፃዎች የመሠረት ጉዳት ሊደርስባቸው እንደሚችል ሪፖርት አወጣ። ኢንሹራንስ አይሸፍነውም። የአንዱን ቤት መሠረት መቀየር 100,000 ዩሮ ሊደርስ፣ ሊያልፍም ይችላል። የኪፍሁክ ነጫጭ ቤቶች እንኳ መሠረታቸው ስለከዳቸው በ1990ዎቹ ፈርሰው በአምሳያቸው እንደገና ነው የተሠሩት፤ ቱሪስት ፎቶ የሚያነሣው ቅጂውን ነው።

ሌላም ነገር አለ። በረድፍ የተሠራ ቤት መሠረቱን ብቻውን መቀየር አይችልም። ግድግዳው የጋራ ነው፣ ከሥሩ ያሉት ግንዶችም የጋራ ናቸው። አንዱ በአዲስ መሠረት ጸንቶ ቆሞ ጎረቤቱ ቢሰምጥ ሁለቱም ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ ጎረቤታሞች ተሰብስበው፣ ተስማምተው፣ አዋጥተው ነው የሚሠራው። በ1922 ረድፉ ሁሉ የአንድ ማኅበር ስለነበር የሚወስነው አንድ ሰው ነው። ማኅበሩ አንዱን ሸጦ ሌላውን እያከራየ ሲሄድ ረድፉ ሃያ ዓይነት ኪስና ሃያ ዓይነት ሐሳብ ይሆናል። ይህን ማስታወቂያው አይጽፈውም። የሽያጭ ውሉ ግን «የዕድሜ አንቀጽ» የሚል አለው፤ ቤቱ አሮጌ መሆኑን ገዢው ያውቃል፣ ከአሮጌነቱ የሚመጣውን እዳ ገዢው ይሸከማል የሚል።

እሑድ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። የውጭውን ግድግዳ በደንብ ላይ ፈልጌ ነው። ስንጥቅ እየቆጠርኩ ስዘዋወር ብይዋ ወደሄደችበት በኩል ያለው በር ተከፈተና ሻሽ ያሰሩ አንዲት አሮጊት ብቅ አሉ። ሌባ መስያቸው ይሆናል ብዬ ቶሎ ሰላምታ ሰጠሁ። ቤቱን ልገዛ የማስብ መሆኔን ስነግራቸው ከየት ነህ አሉኝ፤ ነገርኳቸው። እሳቸው ከቱርክ ናቸው፤ ቤቱን ከተከራዩት ከ1981 ጀምሮ እዚያው ናቸው። ባላቸው መርከብ ጥገና ላይ ይሠሩ ነበር፤ ሞተዋል።

«ያኔ ማንም አልፈለገውም» አሉኝ ሆላንድኛቸውን እየፈለጉ። «ሆላንዶቹ ሁሉ ሄዱ። ማኅበሩ ቁልፉን ሲሰጠን ሰውየው ይቅርታ ጠየቀን።» መታጠቢያ ቤቱን ባላቸው በሁለት ቅዳሜና እሑድ ሠርተውታል። ያየሁትን የጎረቤቱንም እሳቸው ናቸው የሠሩት፤ የወጥ ቤቱን ጥግ ቆርጠው። የኖረበት ሰው ባለፈው ክረምት ሞተ። «አሁን አንዱ ሲሞት ይሸጡታል» አሉ። ቅሬታ አልነበረበትም ድምፃቸው ላይ፤ ወይም እኔ አልሰማሁትም ይሆናል። ከዚያ በእጃቸው መዳፍ ግድግዳውን መታ መታ አደረጉና ክረምት ክረምት እንደሚጮህ ነገሩኝ።

ማታ ለባለቤቴ አወራኋት። አንድ የኪራይ ቤት ከደሃ እጅ ወጥቶ ወደ እኛ መግባቱ ነው፣ ልክ ነው ወይ አልኳት። «እኛ ራሳችን የማኅበር ቤት ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ስምንት ዓመታችን ነው» አለችኝ። «ተራችን ሳይደርስ የሚሸጡትን ቤት ነው የምንገዛው። እኛ ካልገዛነው ሴትየዋ ዘንድ ይቀራል?» መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። በጭንቅ የገዛ የሚለው ቃል ግን ትዝ አለኝ፤ የጠፋ መስሎኝ ነበር።

ክርክራችን በዋጋው ላይ ሳይሆን በአንድ አንቀጽ ላይ ሆነ። የመሠረት ምርመራ ቅድመ ሁኔታ እንጻፍ? ባለሙያ መጥቶ ከግድግዳው ሥር ይቆፍራል፣ ግንዱን ነክቶ ያያል፣ ናሙና ይወስዳል። ግንዱ ከበሰበሰ ውሉን እንተዋለን። ደላሎች እንደሚሉት እንዲህ ዓይነት ቅድመ ሁኔታ ያለው ጨረታ አብዛኛውን ጊዜ ይሸነፋል፤ ሻጭ ንጹሕ ወረቀት ይወዳል። ያለ ቅድመ ሁኔታ ከገባን ደግሞ የፈረመ ገዢ ሦስት ቀን ብቻ ነው የማሰቢያ ጊዜ ያለው፤ በሦስት ቀን የሚቆፍር ሰው አይገኝም። ባለቤቴ እንጻፈው አለች። እኔ እስከ ረቡዕ ሌሊት አመነታሁ።

ሐሙስ እኩለ ቀን ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ላክነው። 304,000 ዩሮ፣ ከመሠረት ምርመራ ቅድመ ሁኔታ ጋር። ይህን እስከጻፍኩበት ሰዓት ድረስ አልተደወለልንም።